«ስ» የጠፋችበት መምህር

መምህር ካሱ ለተማሪዎቻቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ማስተማር ይወዱ ነበር። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ጠመኔውን በጣታቸው መሃል እንደያዙ፣ «እስቲ አንድ ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይበል» ይላሉ። ከኋላ አንዱ ይላል። እሳቸው ሳይዞሩ፣ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደተሠራ ይናገራሉ፤ በሁለት ከንፈር፣ በላይኛው ጥርስና በታችኛው ከንፈር፣ በምላስ ጫፍ፣ ወይም ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብሎ በትናጋ። አልፎ ተርፎም ተናጋሪው የጨንቻ ልጅ ይሁን የወላይታ፣ ወይስ አባቱ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር የወለደው፣ ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እሳቸውም ይህን ሳቅ ይወዱት ነበር።

የሚያስተምሩት አርባ ምንጭ ውስጥ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ ፎነቲክስ ይባላል። የእንግሊዝኛ ፊደል ሃያ ስድስት ሲሆን ድምፁ ግን አርባ አራት ስለሆነ፣ ነገ በየገጠሩ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ወጣቶች ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን እንዲለዩ ማድረግ የእሳቸው ድርሻ ነበር። ድምፆቹን አናባቢና ተነባቢ ብሎ መክፈሉን ብዙ መምህር በሰንጠረዥ ያስሸመድዳል። መምህር ካሱ ግን በቤት ይመስሉታል። አናባቢ ክፍት በር ነው፤ ትንፋሹ ማንም ሳይከለክለው ይወጣል፣ ምላስም ከፍ ዝቅ፣ ወደፊት ወደኋላ እያለች የበሩን ስፋት ትወስናለች እንጂ አትዘጋም። ተነባቢ ግን በሩ ላይ ዘበኛ አለው። ስለ ዘበኛው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ ይሏቸዋል፤ የት ነው የቆመው? ትንፋሹን ጨርሶ ነው የሚያግደው ወይስ በቀዳዳ ያሾልከዋል? በዚያን ጊዜ ጉሮሮ ይነዝራል ወይስ ዝም ይላል? ከዚያ ሁሉም እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ «ስ» እና «ዝ» እንዲል ያዛሉ። ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

ወደዚህ ሙያ የገቡት በአጋጣሚ አይደለም። የተወለዱት በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ነው፤ ከቤት ጋሞኛ፣ ከትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ። በልጅነታቸው አማርኛ ሲናገሩ የወንዱንና የሴቱን አነጋገር እያምታቱ ይሳቅባቸው ስለነበር፣ ዝምተኛ ሆነው አደጉ። ሠልጣኝ ሳሉ ተክለሃይማኖት የሚባሉ ከጎጃም የመጡ መምህር አንድ ቀን ስለ ድምፅ ሲያስተምሩ፣ የሰው አፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ልዩነቱ ምላስ የት መሄድ እንደለመደች ብቻ ነው አሉ። ወጣቱ ካሱ ያን ዕለት ከክፍል ሲወጡ አንዳች ሸክም የወረደላቸው መሰላቸው። የሚሳቅበት አፍ ጉድለት የለበትም ማለት ነው፤ ያልለመደው መንገድ አለ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሌላውን ሰው መንገድ ሲያስለምዱ ኖሩ።

ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ዓለም ትንሽ ደበዘዘባቸው። ነገሩ ሲጀምር ማንም በሽታ ይሆናል ብሎ የሚያስበው አልነበረም። የዘንድሮ ተማሪዎች ቃል ይውጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም እያሉ ማማረር አበዙ። ቤታቸው ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸዳለ፣ ስልክህ እየጮኸ ነው፣ አታነሳም እንዴ እያሉ መውቀስ ለመዱ። ወይዘሮ ጸዳለ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ አባታቸው በሥራ ምክንያት ከደብረ ማርቆስ ያመጧቸው የከተማው ነባር ነዋሪ ናቸው። መምህር ካሱ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ የዛሬ ስልክ ድምፁ ቀጭን ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የቃል ፈተናው ጊዜ ደረሰ።

በቃል ፈተናው ተማሪው አንድ በአንድ እየገባ ከወረቀት ላይ ቃላት ያነባል፤ መምህሩ ይሰማና ነጥብ ይሰጣል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አሸናፊ፣ የመምህር ካሱ የድሮ ተማሪ፣ ቅሬታ ቢነሳ መመለሻ እንዲሆን ንባቡ ሁሉ በስልክ ይቀረጽ ብሎ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥርዓት አውጥቶ ነበር። የዚያን ቀን ከገቡት ተማሪዎች አንዷ ሣራ ነበረች። ሣራ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት፤ በክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ፣ ግን ስትጠየቅ የማትሳሳት። አንገቷን ወደ ወረቀቱ ደፍታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አገጯ ላይ ይዛ ማንበብ ጀመረች። መምህር ካሱ ሰሙ። «ቡክስ» ማለት ሲገባት «ቡክ» አለች። «ሊፍ» በሚለው ቦታ «ሊ» ብላ ተወችው። በእንግሊዝኛ አፍ ማለት የሆነውን «ማውዝ»ን፣ ምላስ በጥርስ መሃል ገብታ በስስ ትንፋሽ የሚዘጋውን ቃል፣ «ማው» ብላ ክፍቱን ተወችው። አዘኑ። ጎበዝ መስላቸው ነበር። የመጨረሻ ተነባቢዎችን ትውጣለች ብለው ጻፉና ለማለፍ የማይበቃ ነጥብ ሰጧት።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሣራ ቢሯቸው ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ቃላቱን በትክክል እንዳለቻቸው፣ በተለይ «ስ»ን ብዙ ስለተለማመደቻት እንደማትስታት በዝግታ አስረዳች። መምህር ካሱ አልተቆጡም። እንዲያውም እንደ አባት ነበር የመለሱላት።

«ልጄ፣ በሐሳብሽ ብለሻት ይሆናል። ከአፍሽ ግን አልወጣችም።»

ሣራ ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ግን ቅሬታዋን ለአሸናፊ አቀረበች።

አሸናፊ ቅጂውን ብቻውን ሆኖ ሰማው። ደግሞ ሰማው። ከዚያ መምህር ካሱን ቢሮው ጠርቶ፣ ወንበር ስቦላቸው፣ በሩን ዘጋና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አስጀመረው። የሣራ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። መምህር ካሱ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው አዳመጡና፣ ይኸው፣ አላለችም፣ እንዳልኩህ ነው አሉት። አሸናፊ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

«ጋሽ ካሱ» አለ በመጨረሻ፣ «ብላለች።»

መምህር ካሱ ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ቡክ። ሊ። ማው። ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት። ያው ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን ነገር ያደረጉት እንደ መምህር ነው እንጂ እንደ ታማሚ አልነበረም። አሸናፊ አፉን በወረቀት ሸፍኖ ድምፅ እንዲሰጣቸው፣ እሳቸውም በተማሪነቱ ጊዜ እንደሚያውቀው እንዲለዩ ጠየቁት። አሸናፊ አንድ የፈተና ወረቀት አንስቶ አፉን ጋረደ። «ኣ» ሲል አወቁት፤ «ኢ» ሲልም፣ «ኡ» ሲልም። «ም»ን፣ «ን»ን፣ «ል»ን ሁሉንም ሳያመነቱ ለዩ። ፊታቸው ላይ ያ የክፍል ውስጥ ኩራት ተመልሶ መጣ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ጠበቁ። የወረቀቱ የታችኛው ጫፍ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀጥል እንጂ» አሉት።

አሸናፊ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«እያልኩ ነበር፣ ጋሼ።»

መምህር ካሱ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አኖሩ። «ስ»፣ «ፍ»፣ ያቺ በጥርስና በምላስ መሃል የምትወጣዋ፤ ትንፋሽ ብቻ የሆኑት፣ ጉሮሮ የማይነዝርባቸው፣ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ቦታ ሰብስበው ያስተማሯቸው ድምፆች ናቸው የጠፉት። መጀመሪያ ወደ አእምሯቸው የመጣው ይህ ክፍፍል ነበር። የሣራ ፊት የመጣባቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ግን አልሄድም አላቸው።

ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ጸዳለ ሲነግሯቸው ወይዘሮ ጸዳለ አልደነገጡም። ከቆየ ጀምሮ እንደሚያውቁ፣ ሰው ፊት ላለማሳጣት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገር እንደለመዱ ነገሯቸው። መምህር ካሱ ጉዳዩን አሰቡት። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚጎላው አናባቢው ነው። «ስ» ብትጮህባትም ያው ትንፋሽ ናት። ሚስታቸው ይህን ሁሉ ጊዜ የደከሙት በሩን ይበልጥ ለመክፈት ነው፤ የጎደለው ግን ዘበኛው ነበር።

ለምርመራ አብረው አዲስ አበባ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች እየቀደሟቸው ነበር። አጵሎስ የተባለ የጆሮ ባለሙያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ነገራቸው። ሲጨርሱ ወረቀት ላይ መስመር አውጥቶ አሳያቸው። መስመሩ ከግራ ሲነሳ ደህና ሄዶ፣ ቀኝ ላይ ሲደርስ ገደል እንደገባ ሁሉ ይወርዳል። ከመስመሩ በስተጀርባ የተቆለመመ ቅርጽ ተስሏል፤ የሰው ንግግር ድምፆች በሙሉ ከነፊደላቸው እዚያ ውስጥ ተበትነዋል። አናባቢዎቹና «ም»፣ «ን» ወፍራሞቹ ከግራ፤ «ፍ»ና «ስ» ቀጭኖቹ ከቀኝ ጫፍ።

አጵሎስ ቅርጹን በእስክሪብቶው እየነካካ፣ በእኛ ሙያ ይህን ሙዝ ነው የምንለው አላቸው።

መምህር ካሱ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ። ከአሸናፊ ቢሮ ከወጡ ወዲህ ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እኔ ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከሙዝ አገር ነው የመጣሁት» አሉት። «ሙዝ ከጫፉ መበላሸት እንደሚጀምር ማን ይነግረኛል ብለህ ነው?»

አጵሎስም ሳቀ፤ ግን የሚናገረውን አልሸሸገም። ጉዳቱ የውስጥ ጆሮ ነው፣ ከዕድሜ ጋር የመጣ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የመስሚያ መሣሪያ ግን ይረዳዎታል አላቸው። መሣሪያውን አደረጉ። ከሕንፃው ሲወጡ የታክሲው ጡሩንባ፣ የገዛ ወረቀታቸው ኮሽታ፣ የሰው ኮቴ፣ ሁሉም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ሆነባቸው። «ስ» ተመልሳ መጣች፤ ግን ያቺ የሚያውቋት አልነበረችም። ብረት ብረት ትላለች። ብዙ ሰው በተሰበሰበበትም ጨርሳ ትጠፋለች።

አርባ ምንጭ ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ በፊት አሸናፊን ፈለጉ። የሣራ ውጤት እንዲታረም፣ የቀደሙት ተማሪዎች ቅጂም በሌላ ጆሮ እንዲሰማ ጠየቁ። አሸናፊ፣ ሰው ምን ይላል የሚል ስጋት ነበረበት፤ የሣራን ብቻ አስተካክለን ብንተወውስ ብሎ ሊያባብላቸው ሞከረ። መምህር ካሱ እንቢ አሉ። ቅጂዎቹ ተሰሙ፤ የተወሰኑ ውጤቶች ተለወጡ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በዚያ ዝቅተኛ ነጥብ ተመርቀው ሩቅ ወረዳ የተመደቡ ነበሩና፣ ነጥቡ ቢስተካከልም ያለፈውን ነገር አይመልስላቸውም። መምህር ካሱን ከሁሉ በላይ ያሳመማቸው ይህ ነው፤ ዛሬም ሲያነሱት ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ሣራን ያገኟት ከቤተ መጻሕፍቱ ስትወጣ ነው። ከጓደኞቿ ነጠል እንድትልላቸው ጠየቋትና፣ እሷ ልክ እንደነበረች፣ ያልሰሙት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጆሯቸው እንደታመመ ነገሯት። ይቅርታም ጠየቁ። ሣራ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየች። «እግዜር ይማርዎት» ለማለት ቸኩላ ነበር፤ ከዚያ ግን ቀና አለች።

«መምህር፣ እኔ እኮ አፌን ነው የጠረጠርኩት» አለች። «ማታ ማታ ድምፄን በስልኬ ቀርጬ እሰማውና፣ ‹ስ› አለች፣ አለች እላለሁ። ጠዋት ደግሞ እርስዎ አልሰሙም ከምል እኔ ተሳስቻለሁ ብል ይሻላል እላለሁ።»

መምህር ካሱ በልጅነታቸው ገረሴ ላይ የተሳቀበትን አፍ አስታወሱ። ያን ዓይነት ጥርጣሬ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ የከተቱት እሳቸው መሆናቸውን እዚያው ቆመው ተረዱት። ሰኞ ክፍል ሲገቡ ጀርባቸውን ሳይሰጡ፣ ፊት ለፊት ቆመው ነገሩን ለተማሪዎቹ ሁሉ ተናገሩ። መሣሪያውንም አሳዩአቸው። ከእንግዲህ ስትናገሩ እጃችሁን ከአፋችሁ ላይ አንሱልኝ፣ ነጠላም ዝቅ ይበል፣ ላያችሁ እፈልጋለሁ አሏቸው።

ማየት ግን መማር ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ወይዘሮ ጸዳለን ፊት ለፊት ያስቀምጡና መሣሪያውን ያወልቃሉ። ወይዘሮ ጸዳለ ያለ ድምፅ አንድ ቃል በከንፈራቸው ይሠራሉ፤ መምህር ካሱ ይገምታሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሰንጠረዥ እዚህ ላይ በሌላ ፊቱ መጣላቸው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ዓይን የሚመልሰው በዋናነት የመጀመሪያውን፣ «የት» የሚለውን ነው፤ እሱንም ከፊት ያለውን ብቻ። ከንፈር ላይ የሚሠራው ይታያል፤ ጥርስ ከንፈር ሲነካ ይታያል። «ክ»ና «ግ» ግን ከኋላ ስለሚሠሩ ጨለማ ናቸው። ጉሮሮ ነዘረ አልነዘረም፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ወጣ በአፍ፣ ዓይን አያውቅም። ስለዚህ «በላ» እና «መላ»፣ «በራ» እና «መራ» በከንፈር ላይ መንትዮች ናቸው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጸዳለ ከንፈራቸውን ገጥመው ከፈቱና ምላሳቸውን ከጥርሳቸው ኋላ አሳረፉ።

«ማል?» አሉ መምህር ካሱ። «በማን ልማልልሽ?»

ወይዘሮ ጸዳለ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቃሉ «ባል» ነበር።

ያን ቀን ከሳቁ በኋላ ወይዘሮ ጸዳለ፣ ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ልብ ብለህ ፊቴን ያየኸኝ ዘንድሮ ነው አሏቸው። መምህር ካሱ አላስተባበሉም። እውነት ነበር። ጆሯቸውን አምነው፣ ጋዜጣ እያነበቡ፣ ወይም ጀርባቸውን አዙረው ጫማቸውን እየጠረጉ ነበር ሲያወሯቸው የኖሩት። ሚስታቸው ሲናገሩ የግራ ከንፈራቸው ቀድሞ እንደሚነሳ አያውቁም ነበር።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ላይ ለመስቀል ገረሴ ወጡ። መምህር ካሱ ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ፈርተው ነበር፤ በአርባ ምንጭ ሠርግና ለቅሶ ላይ የሰው ወሬ እንደ ዝናብ ጩኸት ብቻ እየሆነባቸው ማዕዘን ይዘው መቀመጥ ለምደዋልና። እህታቸው ልክነሽ ጎናቸው ቁጭ ብላ የዓመቱን ወሬ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ገብሱ እንዴት እንደሆነ በጋሞኛ ታወራቸው ገባች። መምህር ካሱ አንገታቸውን እየነቀነቁ መልስ ይሰጧት ነበር። ቆይተው ነው መሣሪያው ኪሳቸው ውስጥ መሆኑን ያስታወሱት።

ምክንያቱን ፈለጉ፤ መምህር ናቸውና። የጋሞኛ ቃል በአናባቢ ያበቃል፤ እንግሊዝኛ በቃሉ መጨረሻ ላይ በቀጭን ትንፋሽ የሚሸሽገው ነገር እዚያ በተከፈተ በር ይወጣል። ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደግሞም የእህት ወሬ ግማሹ አስቀድሞ ይታወቃል። የትኛው እንደሚያመዝን ለራሳቸውም አልወሰኑም። ወይዘሮ ጸዳለ ምን ታስባለህ ሲሏቸው፣ እዚህ አልደከመኝም ብቻ አሉ።

መምህር ካሱ አሁንም ያስተምራሉ። ጡረታቸው ቀርቧል። የአናባቢውን ክፍል እሳቸው ይዘዋል፤ ተነባቢውን አሸናፊ። የቃል ፈተናው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ነጥብ የሚጽፈው አሸናፊ ነው። በያዝነው ዓመት የመጀመሪያው ፈተና ላይ አንድ ተማሪ ገብታ «ኔቨር» የሚለውን ቃል አነበበች። አሸናፊ ትክክል ነው ብሎ ሊያልፍ ሲል መምህር ካሱ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሁለት ከንፈሯ ነው ያለችው፣ ጥርሷ አልወረደም አሉት። አሸናፊ አልሰማሁትም አለ። እውነቱን ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ በሁለት አናባቢ መሃል «ብ»ን ላላ አድርጎ ሲያወጣት ለጆሮ እንግሊዝኛዋን «ቭ» ትመስላለች። ለዓይን ግን አትመስልም።

ተማሪዋን እንደገና እንድትለው ጠየቋት። መምህር ካሱ በጣታቸው የራሳቸውን የታችኛ ከንፈር ነካ አድርገው የላይኛው ጥርሳቸውን አሳዩአት። ልጅቷ አፍራ ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ከንፈሯ ላይ አሳረፈችና በዝግታ ደገመችው።

አሸናፊ ወደ መምህር ካሱ ዞሮ በጆሮው መስማቱን ራሱን ነቅንቆ ነገራቸው። እሳቸውም ማየታቸውን ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱለት። ነጥቡን ጻፈና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።